ከአመድ አፈር ስር ያለው ጠንካራ ንጣፍ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ ስለ አንድ ዓይነት መሬት ነው። መሬቱ ደረቅ ነው። ከታች የላቫ አለት አለው፣ ከላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ለብሷል፣ መሃል ላይ ደግሞ ዶማ የማይበግረው ንጣፍ ተኝቷል። በምዕራብ አሜሪካ፣ በተለይ በኦሪገንና በአይዳሆ የላቫ አምባዎች ላይ በብዛት ይገኛል። የቅርብ ዘመዶቹ ሜክሲኮና ኢኳዶር ውስጥ አሉ። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል።

ጥያቄ፦ ከላይ ያለው አፈር በእጅ ይበተናል። ግማሽ ሜትር ያህል ስወርድ ግን ዲጂኖው እየነጠረ ይመለሳል። አለት ነው ወይስ አፈር?

ከገለጻህ ስነሳ አፈር ይመስለኛል፤ ግን የተጣበቀ አፈር። አሸዋውና ደቃቁ ቅንጣት እንዳለ ነው፣ በመሃላቸው ሲሊካ (የአሸዋና የብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር) ገብቶ አያይዟቸዋል። የአፈር ባለሙያዎች ዱሪፓን ይሉታል።

ለማረጋገጥ አንድ ስባሪ አንሳና በደንብ እየው። ባዛልት፣ ማለትም የላቫው አለት፣ ከሆነ አንድ ወጥ፣ ጠቆር ያለና ከባድ ነው። ዱሪፓን ከሆነ የአሸዋው ቅንጣት አንድ በአንድ ይታያል፣ አንዳንዴም ድሮ ስር ያለፈበት ቀጭን ቀዳዳ ታገኛለህ። የላይኛው ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ ቀጭንና ለስላሳ ቅርፊት አለው። የጉድጓዱን ግድግዳም ተመልከት። የቁጥቋጦ ስሮች ወደ ታች ወርደው ወርደው ድንገት ወደ ጎን ከተነጠፉ፣ ንጣፉ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ሲሊካ ከየት መጣ? አሸዋ ራሱ ሲሊካ አይደለም እንዴ? ለምን አሸዋማ መሬት ሁሉ አይጣበቅም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ያለው በሲሊካው አደረጃጀት ላይ ነው። ተራ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ ክሪስታል ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አያሟሟውም። አንድ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት ከኳርትዝ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሚሊ ግራም ብዙም የማይዘል ሲሊካ ነው። ክሪስታል ያልሆነ ሲሊካ ግን በዚያው ውሃ ውስጥ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ይሟሟል።

የእሳተ ገሞራ አመድ በአብዛኛው ብርጭቆ ነው። ቅልጡ አለት ፈንድቶ አየር ላይ ሲበተን በቅጽበት ይቀዘቅዛል፣ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ቅንጣቱ ደቃቅና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃ በብዙ ፊት ያገኘዋል። ስለዚህ ከሌላው ማዕድን ቀድሞ የሚፈርሰው እሱ ነው።

ቀሪውን ሥራ የሚሠራው የአየር ጠባዩ ነው። በነዚህ አምባዎች ላይ ዝናቡና በረዶው የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፤ ብዙው ቦታ በዓመት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ቢያገኝ ነው። ውሃው ሲሊካ ይዞ ትንሽ ይሰርጋል። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል፣ ስሮችና ፀሐይ ውሃውን ይጨርሱታል፣ ሲሊካው ግን እዚያው ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ እየተፈላ ቅርፊት እንደሚሠራው ማለት ነው። በመጀመሪያ ቅንጣቶቹ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ቀጭን የኦፓል (ክሪስታል ያልሆነ ሲሊካ) ድልድይ ይሠራል። ቀስ በቀስ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ውሃው ማለፍ ስለማይችል ንጣፉ አናት ላይ ይቆማል። ያ ለስላሳ ቅርፊት የሚያድገውም ያኔ ነው።

ዝናብ በሚበዛበት አገር ግን ብዙው ሲሊካ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። የቀረው ከአሉሚኒየም ጋር ተዋህዶ አሎፌን የሚባል ለስላሳ ማዕድን ይሆናል። ያው አመድ አንድ ቦታ ለም ጥቁር አፈር፣ ሌላ ቦታ የተጋገረ ንጣፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜው ስንት ነው?

የአመዱና የንጣፉ ዕድሜ አንድ ላይሆን ይችላል። በኦሪገን ዋናው የአመድ ምንጭ የማዛማ ተራራ ነው። ከዛሬ 7,700 ዓመት ገደማ በፊት ፈንድቶ አናቱ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ዛሬ ክሬተር ሌክ የሚባለው ሐይቅ ያለው በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። አመዱ እስከ ካናዳ ደርሷል።

የወፍራም ንጣፍ ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይረዝማል፤ አንዳንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ወስዷል። ስለዚህ በብዙ ቦታ የምታዩት፣ አስቀድሞ በተጋገረ አሮጌ አፈር ላይ ቆይቶ የወደቀ አዲስ አመድ ነው። የሁለት ዘመን ሥራ ተደራርቦ ነው የምታነቡት። እኔ በዚህ አፈር ከምወደው ነገር አንዱ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሆምጣጤ ጠብ ሳደርግበት ተንተከተከ። እንግዲህ ኖራ ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንተክተኩ የሚነግርሽ ኖራ መኖሩን ብቻ ነው። ያጣበቀው ኖራው ነው ማለት አይደለም። በደረቅ አገር አቧራ ኖራ ይዞ ስለሚመጣ፣ ብዙ ዱሪፓን ውስጥ ኖራም አለ።

ትክክለኛው መንገድ መዘፍዘፍ ነው። የደረቀ ስባሪ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ አስቀምጪ። እዚያው ከፈረሰ፣ ሲጀመርም አልተጣበቀም፤ ጥቅጥቅ ያለ አፈር ብቻ ነው። ካልፈረሰ ወደ አሲድ ይኬዳል። በአሲድ ከግማሽ በላይ ከፈረሰ ያጣበቀው ኖራ ነው። አሲዱን ችሎ በጠንካራ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ከፈረሰ ሲሊካ ነው። የአሜሪካ የአፈር አመዳደብ መስፈርቱም ይኸው ነው። ሆምጣጤ ለዚህ ደካማ ነው። አልካሊው ደግሞ ዓይን የሚያጠፋና ቆዳ የሚያቃጥል ስለሆነ ለላቦራቶሪ ተዪው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ መሬቴን በትልቅ ትራክተር በጥልቅ ማረሻ ላስሰብረው ነው። ይጠቅመኛል?

ትራክተሩን ከመከራየትዎ በፊት ጉድጓድ ይቆፍሩ። አንድ ሳይሆን በተለያየ ቦታ በርከት አድርገው። በላቫ አምባ ላይ ከአሥር እርምጃ በኋላ ነገሩ ይለወጣል፤ እዚህ አንድ ሜትር አፈር፣ እዚያ አለቱ ራሱ ወጥቶ ይታያል።

ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ንጣፉ በስንት ጥልቀት ይጀምራል፣ ውፍረቱ ስንት ነው፣ ከስሩስ ምን አለ? ወሳኙ ሦስተኛው ነው። ከንጣፉ ስር ወዲያውኑ ባዛልት ከሆነ ሰብረው የሚያገኙት ነገር የለም። ስሩ አንድ ጣሪያ አልፎ ሌላ ጣሪያ ይገጥመዋል፣ ገንዘቡ ግን ወጥቷል። ከስሩ ልል አፈር ካለና ንጣፉ ቀጭን ከሆነ ግን መስበሩ ትርጉም አለው። የሚሰበረውም ሲደርቅ ነው። በእርጥቡ ማረሻው አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ንጣፉን አያደቀውም።

ሰው ይህን ትግል የጀመረው ዛሬ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሳን ዋኪን ሸለቆ ገበሬዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፍራፍሬ ዛፍ ለመትከል ንጣፉን በዲናሚት ያፈነዱ ነበር። እዚያ ያለው አፈር የመጣው ከወንዝ ደለል ነው፤ ማጣበቂያው ግን ያው ሲሊካ ነው። በሜክሲኮ ቴፔታቴ የሚሉትን ንጣፍ በቡልዶዘር ሰብረው እርከን ሠርተውበታል። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ለእርስዎም ይሠራል፦ የተሰበረ ንጣፍ ገና አፈር አልሆነም። ናይትሮጅን የለው፣ ብስባሽ የለው፣ ፎስፈረሱም ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ምርት ደካማ ይሆናል። ፍግ ካልገባበትና እንደ ባቄላ ያለ ናይትሮጅን የሚሰጥ ተክል ካልተዘራበት፣ ዝናብ ሲመታው ፊቱ መልሶ ይደፈናል።

መሬቱ የግጦሽ ከሆነ የእኔ ምክር አይንኩት ነው። ሴጅብራሽ የሚባለው ቁጥቋጦና የአገሩ ሣሮች በዚያ ጥልቀት መኖር ያውቁበታል። ፊቱ ሲገለበጥ ቀላሉን አመድ ነፋስ ይወስደዋል። በቦታው ቺትግራስ የተባለው መጤ ሣር ይገባል። እሱ ቶሎ ደርቆ እሳት ይጠራል፣ ከእሳቱ በኋላም መልሶ የሚበዛው እሱው ነው። ንጣፉ ቢሰበርም ባይሰበርም የእርስዎ ሀብት ከላይ ያለው ስስ አመድ ነው።

ጥያቄ፦ በረዶው ሲቀልጥ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ከሁለት ወር በኋላ አፈሩ ዱቄት ነው። ምንድነው ነገሩ?

ውሃው ንጣፉ ላይ ቆሞ ነው። ከታች መውጫ ስለሌለው ላዩ ይጥለቀለቃል። ከታች የተጠራቀመ እርጥበትም ስለሌለ፣ ሙቀት ሲመጣ ተክሉ የሚጠጣው ያጣል። ሁለቱም ችግር ከአንድ ምክንያት ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ አመድ አለበት ከተባለ አንዲሶል ነው አይደል? ፎስፈረስ ይበላል ሲሉም ሰምቻለሁ።

የግድ አይደለም። አንዲሶል፣ ማለትም የአመድ ባሕርይ ያለው አፈር፣ በአሜሪካ አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ1990 ራሱን የቻለ የአፈር ምድብ ሆኗል። ለመግባት ግን የአመድ ባሕርዩ ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶውን መያዝ አለበት። ዱሪፓኑ ከዚያ በላይ ከመጣ ደግሞ የሚለካው እስከ ንጣፉ ያለው አፈር ነው። አመዱ ስስ ከሆነ ወይ ሞሊሶል (ብስባሽ ያለው ጠቆር ያለ የሣር ሜዳ አፈር) ወይ አሪዲሶል (የደረቅ አገር አፈር) ይሆናል።

ፎስፈረሱን የሚይዙት አሎፌንና መሰሎቹ ናቸው። በእርጥብ አገር ያሉት አንዲሶሎች ከሚሰጣቸው ፎስፌት 85 በመቶና ከዚያ በላይ ሊያስሩ ይችላሉ። በደረቁ አምባ ላይ አመዱ ገና ብርጭቆ ስለሆነ ነገሩ ቀለል ይላል። መገመት አያስፈልግም፣ መለኪያ አለው። አፈሩን ሶዲየም ፍሎራይድ በተሟሟበት ውሃ ውስጥ አድርጎ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) መለካት ነው። ከ9.4 በላይ ከወጣ አሎፌን ሊኖር ይችላል፤ ኖራ ያለበት አፈር ግን ውጤቱን ያሳስታል። ፎስፈረስ የሚያስር ሆኖ ከተገኘ ማዳበሪያውን አትበትነው፤ በመስመር ዘሩ አጠገብ አድርገው።

ጥያቄ፦ እዚህ መሬት ላይ ቤት ልሠራ ነው። የፍሳሹ ጉድጓድ ያስቸግረኛል?

አዎ፣ ከቤቱ መሠረት ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ፍሳሹ ንጣፉ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄድና ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ንጣፉን በስታችሁ አለቱ ላይ ብትለቁት ደግሞ የባሰ ነው። ባዛልት ስንጥቅ ስለሚበዛበት ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከንጣፉ በላይ በቂ አፈር ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ከሌለ አፈር አምጥቶ ከፍ አድርጎ መሥራት የሚጠይቅ ዘዴ ስለሆነ፣ ዲዛይኑን ባለሙያ ይየው።

ጥያቄ፦ የጉድጓድ ምርመራውን በየትኛው ወር ላድርገው?

በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ። ያኔ ውሃው የቆመበት መስመር በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በዓይን ይታያል፣ ስሮቹም ሕይወት አላቸው። ሜትር፣ ዲጂኖና የውሃ ጠርሙስ ያዝ። ግድግዳውን በቢላ ጫር ጫር አድርገህ አጽዳው፤ አካፋ የለሰነው ፊት ምንም አያሳይም። ከንጣፉ አናት፣ ከመሃሉና ከስሩ አንዳንድ ስባሪ ለየብቻ ቋጥረህ ጥልቀቱን ጻፍበት። ለላቦራቶሪ የምትሰጠው እነሱን ነው።