«ይታጠቡ» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ወጣት የጤና ባለሙያዎች፣

በነርስነት 36 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጀማሪ ባለሙያዎች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ስለ መርፌና ስለ መድኃኒት መጠን የምላቸው ብዙ የለኝም፤ እሱን ከእኔ በተሻለ ተምራችሁታል። የምጽፍላችሁ ለረጅም ጊዜ ስሳሳትበት ስለኖርኩት አንድ ነገር ነው።

ሥራ የጀመርኩት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ቀይ አፈር በበዛበት ደጋ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ነበር። በገበያ ቀን እግራቸው ያበጠ ገበሬዎችና እናቶች ይመጣሉ፤ አገሬው ሕመሙን «ዝሆኔ» ይለዋል። በትንኝ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ። የደጋው ዝሆኔ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ሲሆን፣ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ ሰርገው ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚያወጡትን ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ ያስቆጣሉ፤ እያደርም ይደፍኗቸዋል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ይህን ምክንያት አጥንቶ አሳይቷል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ሊወረስ ይችላል፤ ከልጅነቱ ጫማ ተጫምቶ ያደገን ሰው ግን ዘሩ ብቻውን አያሳምመውም። ይህ ልዩነት ስለማይታወቅ «ዘራቸው ነው» እየተባለ ስንቷ ልጃገረድ ሳትታጭ ቀርታለች።

በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ሁለቱንም እግራቸውን በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ጠቅልለው ነበር የመጡት። ጨርቁን ስፈታው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እማማ፣ ጠዋትና ማታ በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁት፣ ቫዝሊን ይቀቡ፣ ጫማ ያድርጉ» አልኳቸው። ምክሩ ዛሬም ትክክል ነው። በወሩ እንደዚያው ሆነው ሲመለሱ ግን ተቆጣኋቸው። ቁጣዬን እስክጨርስ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ምንጩ ገደል ሥር ነው። በዚህ እግር ወርጄ እንስራ ተሸክሜ ልውጣ? ልጆቼም ተድረው ሄደዋል። ደግሞስ ይህን እግር የሚችል ጫማ የት ይሸጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀደም ብዬ ካርዳቸው ላይ «ምክር አይቀበሉም» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በዚያን ዕለት እንኳ አለመሰረዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለመድኩ፤ ታካሚ ሲቀርበኝ ከሕመሙ ምልክት ቀጥዬ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚቀዳው፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ምድጃው የት እንደሆነ መጠየቅ። ሳሉ አልለቀው ያለ ሕፃን መስኮት በሌለው ቤት በኩበት ጭስ ታፍኖ የሚውል ከሆነ፣ የምትሰጡት ሽሮፕ ብዙ አይራመድም። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ጥያቄዎቹ ግን ሁለት ደቂቃ ቢወስዱ ነው፤ ካልጠየቃችሁ ያው ታካሚ ተመልሶ ወረፋውን ያረዝመዋል።

በየሪፖርቱ የሚጻፈውን «የግንዛቤ ማነስ» የሚል ሐረግ፣ እውነት ለመናገር፣ አልወደውም። እኚያ እናት እግራቸው መታጠብ እንዳለበት ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ያጡት ውኃ የሚቀዳላቸው ሰውና እግራቸውን የሚችል ጫማ ነው። ቧንቧ መዘርጋት የነርስ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም በአንድ ወር ከዚያው ቀበሌ ስንት እንዲህ ያለ እግር እንደመጣ ቆጥሮ ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ማሳወቅን የሚከለክል ደንብ አላየሁም። እኔ ይህን የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ለእኚያ እናት የሆነላቸው ትንሽ ነገር ነው። የጎረቤት ልጅ በየማታው አንድ ጆግ ውኃ እንዲያቀብላቸው ተስማማን፤ ለአንድ ሳፋ ይበቃቸው ነበር። እግራቸውን በካርቶን ላይ አስቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩና ለገበያው ጫማ ሰፊ ሰጠሁት፤ እሱም ከጎማና ከሸራ ሰፍቶ፣ ለሁለቱ እግር ሁለት የተለያየ መጠን አድርጎ አመጣው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቴርሞሜትሩ ጎን፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አስቀምጥ ነበር።