የጎነ ብዙ አንዱን ጎን መደበቅ፦ ቀለሙንና መስመሩን ለያይተው ይሳሉ

ጥያቄው ይህ ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ማትፕሎትሊብ በተባለው የሥዕል ላይብረሪ የቤት ፕላን እየሳሉ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቀለምና ጥቁር ዙሪያ መስመር ያለው ጎነ ብዙ (ፖሊጎን) ነው። ሳሎኑና የመመገቢያ ክፍሉ በግድግዳ ስላልተለያዩ በመካከላቸው ያለው መስመር እንዳይታይ ይፈልጋሉ። ጎነ ብዙውን የሚስለው ትእዛዝ ግን ወይ ሁሉንም ጎኖች ያሰምራል፣ ወይ አንዱንም አያሰምርም።

የሕንፃ ንድፍ በፕሮግራም ስለማወጣ ይህ ጉዳይ በየሥራው ይገጥመኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ቀለሙንና መስመሩን እንደ አንድ ነገር አይያዟቸው። የጎነ ብዙውን የጠርዝ ቀለም አጥፍተው ውስጡን ብቻ ይሙሉ፣ መስመሮቹን ደግሞ ከላይ ለብቻቸው ይሳሉ። ማትፕሎትሊብ እርስዎ ካልቀየሩት በቀር መስመርን ከተሞላ ቅርጽ በላይ ስለሚያስቀምጥ ቅደም ተከተሉ አያስቸግርም።

በዚህ መድረክ ከእኔ በፊት ለጥያቄው የመለሱ አባላት ሁለት አቋራጮች ጠቁመዋል፤ ሁለቱንም አልመክርም። አንደኛው የማይፈለገውን መስመር በክፍሉ ቀለም መሸፈን ነው። የመስመሩ ግማሽ ውፍረት በዚህኛው ክፍል፣ ግማሹ በዚያኛው ላይ ይወድቃል፤ ቀለማቸው ከተለያየ በየትኛው ሊሸፍኑት ነው? መሸፈኛው ጫፉ ላይ የሚነካውን እውነተኛ ግድግዳም ይበላዋል። ሁለተኛው በመንገዱ (ብዕሩ የቅርጹን ዙሪያ በሚከተልበት የነጥቦች ተራ) መካከል «ብዕሩን አንሣ» የሚለውን ትእዛዝ ማስገባት ነው። መስመሩ በእርግጥ ይቋረጣል፤ ነገር ግን ሙሌቱ እያንዳንዱን ቁራጭ ራሱን እንደቻለ ቅርጽ ስለሚቆጥረው የክፍሉ ቀለምም አብሮ ይቆራረጣል።

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ከመረጃው አያያዝ ነው። ከእያንዳንዱ ማዕዘን ጋር አንድ ምልክት ያስቀምጡ፤ ምልክቱ ከዚያ ማዕዘን ተነሥቶ ወደሚቀጥለው የሚሄደው ጎን ይታይ ወይም አይታይ እንደሆነ ይናገራል። ኦፕንጂኤል የተባለው የግራፊክስ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ጀምሮ ይኸው የጠርዝ ምልክት ነበረው፤ የተወሳሰበ ቅርጽ ወደ ሦስት ማዕዘኖች ሲከፋፈል የውስጥ መስመሮቹ እንዳይታዩ ያደርግ ነበር። የማይክሮሶፍቱ የዊንዶውስ ፕሮግራም መሥሪያ ደብሊውፒኤፍም ለእያንዳንዱ የመንገድ ቁራጭ እንዲሰመር ወይም እንዳይሰመር የሚወስን ባሕርይ አለው፤ ጎኑ ሲደበቅ ሙሌቱ አይነካም። በማትፕሎትሊብ ጎነ ብዙ ላይ ይህ ስለሌለ እኛው እንሠራዋለን።

የሚያስቸግረው የጋራ ጎን ነው። መለኪያው ሜትር ሆኖ ሳሎኑ ከ(0, 0) ተነሥቶ በ(4, 0)፣ በ(4, 3) እና በ(0, 3) ይዞራል እንበል፤ የመመገቢያ ክፍሉ ደግሞ ከ(4, 0) ተነሥቶ በ(7, 0)፣ በ(7, 3) እና በ(4, 3)። ያንኑ አንድ ጎን ሳሎኑ ከታች ወደ ላይ፣ የመመገቢያ ክፍሉ ከላይ ወደ ታች ይሄድበታል። በአንዱ ላይ ብቻ ቢደብቁት ሌላው መልሶ ያሰምረዋል። ስለዚህ የጎኑን ሁለት ጫፎች ትንሹን አስቀድመው በቅደም ተከተል ያስቀምጡና እንደ አንድ ቁልፍ (የጎኑ መለያ) ይያዟቸው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ክፍሎች ወደ አንድ ቁልፍ ይመጣሉ፣ ውሳኔውም አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ነጥቦቹ በስሌት የተገኙ ከሆኑ አስቀድመው ወደ ሚሊሜትር ያጠጋጓቸው። በፓይተን 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሆናሉ፤ ይህች ኢምንት ልዩነት ሁለት ቁልፎችን ለማለያየት ትበቃለች።

የመመገቢያ ክፍሉ ቁመት 3 ሳይሆን 2 ቢሆንስ? የጋራው ከ(4, 0) እስከ (4, 2) ያለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የሳሎኑ የውጭ ግድግዳ ስለሆነ መታየት አለበት። ቁልፎቹ እዚህ ላይ አይገናኙም። መፍትሔው (4, 2)ን በሳሎኑ ጎን ላይ እንደ ተጨማሪ ማዕዘን ማስገባት ነው። ቅርጹ አይለወጥም፤ ጎኑ ግን ለሁለት ስለተከፈለ አንዱን ደብቀው ሌላውን ማሳየት ይችላሉ። የበር ክፍተትም እንዲሁ ነው፦ በጎኑ ላይ ሁለት ነጥብ አስገብቶ መካከሉን መደበቅ። ይህን ደረጃ ከሥዕሉ ኮድ ለይተው አስቀድመው ቢሠሩት እጅግ ይጠቀማሉ፤ ከተቀላቀሉ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያደክማል።

የሚታዩትን ጎኖች አንድ በአንድ አይሳሏቸው። ወፍራም መስመሮች ለየብቻ ሲሳሉ በማዕዘኑ ላይ ጎዶሎ ይቀራል፤ በሹል ማዕዘን የሚጋጠሙት አንድ ተከታታይ መስመር ሲሆኑ ነው። ተከታታዮቹን አያይዟቸው፣ መነሻዎም ከተደበቀ ጎን ቀጥሎ ያለው ማዕዘን ይሁን፤ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ መጀመሪያ ከተነሡ መስመሩ ያለ ምክንያት እዚያ ይቆረጣል። መገጣጠሚያውን ሹል፣ ጫፉን ጠፍጣፋ ያድርጉ፤ አለዚያ የማትፕሎትሊብ መስመር ጫፍ በግማሽ ውፍረቱ ያህል አልፎ ወደ በሩ ክፍተት ይገባል።

መስመሩ ከጠፋ በኋላ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ቀጭን ነጭ ጭረት ቢያዩ የተደበቀው መስመር ርዝራዥ አይደለም። ሁለቱም ቅርጾች ጠርዛቸውን ለማለስለስ ሲሉ ከበስተጀርባው ነጭ ጋር ስለሚደባለቁ ነው። ቀለማቸው አንድ ከሆነ ሼፕሊ በተባለው የፓይተን የቅርጽ ስሌት ላይብረሪ አዋህደው እንደ አንድ ቅርጽ ይሙሏቸው። ከተለያየ ደግሞ ለሙሌቱ ብቻ ማለስለሱን ያጥፉ። ለፒዲኤፍ ይህ አይበቃም፤ እዚያ ጠርዙን የሚያለሰልሰው ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚሞላውን ክፍል አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አስፍተው ከሌላው ሥር እንዲገባ ያድርጉት፤ መስመሮቹ ከመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ስለሚሳሉ ፕላኑ አይዛባም።