ጥያቄና መልስ፦ «ፋይሉ ጠፍቷል» ሲሉኝ ገንዘብ ሰጠሁ፤ በደለኛ ነኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ካረፈ በኋላ የተወልንን ቤት ስም ለማዛወር ክፍለ ከተማ ስመላለስ ወራት አለፉ። የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አውጥቻለሁ። የሚከፈለውንም ከፍያለሁ። መጀመሪያ «ሲስተም የለም» አሉኝ። ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሆነ። በመጨረሻ «ፋይሉ ጠፍቷል» ተባልኩ። በር ላይ አንድ ጉዳይ ገዳይ ጠጋ ብሎ «እህት፣ እንዲህ ስትመላለሺ የሚያልቀው ጫማሽ ነው» አለኝ። የነገረኝን ብር በቴሌብር ላክሁ፤ የተቀባዩን ስም አላውቀውም። በማግስቱ ፋይሉ እዚያው ከመስኮቱ ጀርባ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ካርታው በስሜ ወጣ፤ ግን ደስ አላለኝም። በደለኛ ነኝ? ለንስሐ አባቴ ልናገር? መቁረብስ እችላለሁ? ደግሞ ወንድሜ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከባለጉዳይ «የሻይ» ይቀበላል፤ ከዚያው ላይም አሥራት ያወጣል። ምን ልበለው?
ወለተ ኪዳን ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ኪዳን፣ የአባትሽን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልሽ።

ይህ ጥያቄ ያንቺ ብቻ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ጥላ ሥር ምእመናን ከሚያነሡልን ነገር አንዱ ነው። አንዱ በመታወቂያ፣ ሌላው በግንባታ ፈቃድ፣ ሌላዋ በንግድ ፈቃድ እድሳት ትመጣለች። በደለኛ ነኝ ወይ ላልሽው ግን ባንዲት ቃል ልገላግልሽ አልችልም። ሰጪ ሁሉ አንድ አይደለምና።

የተቀባዩ ነገር አያከራክርም። በዘዳግም ምዕራፍ 16 ጉቦ የጥበበኞችን ዓይን ያሳውራል፣ የጻድቃንንም ቃል ያጣምማል ተብሏል። የነቢዩ ሳሙኤል ልጆች መማለጃ እየተቀበሉ ፍርድ ስላጣመሙ ሕዝቡ ተማረረ፤ «ንጉሥ አንግሥልን» ያለውም ይህን አንሥቶ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የራሳችን ነው፤ ከወንጌል አልተቀዳም።

ወደ ሰጪው ልምጣ። ገንዘብ ሰጥቶ የሰው መሬት በስሙ የሚያስመዘግብ አለ። መሪ በቅጡ ሳይዝ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣም አለ፤ ይሄ ነገ መንገድ ላይ ሰው ይገድላል። ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ ረግጦ የሚያልፍ አለ። እነዚህ ከተቀባዩ አይተናነሱም። አንቺ ግን ገንዘብ የተጠየቅሽው በገዛ መብትሽ ላይ ነው። ቤቱ የአባትሽ ነው፤ ወራሽነትሽንም ፍርድ ቤት አረጋግጦልሻል። ያንቺ ነገር ለወንበዴ ኪስን ከማራገፍ ይቀራረባል።

ሉቃስ ምዕራፍ 3ን ተመልከቺ። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ?» አሉ። «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው። ወታደሮቹን «ደመወዛችሁ ይብቃችሁ» አላቸው። ሕዝቡም ያንኑ ጠይቆት ነበር፤ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ነው ያላቸው። ለምን ተበዘበዛችሁ ብሎ የወቀሰው ሰው የለም። ልጇ የሆስፒታል አልጋ አጥቶ እንዳይሞትባት ብላ የሰጠች እናት ብትመጣ እኔም አልፈርድባትም።

ቢሆንም «ቀሙኝ» ብለሽ ብቻ እንድትተኚ አልፈልግም። ራስሽን ሁለት ነገር ጠይቂ። ያን ቀን ፋይሉ «የጠፋበት» ሌላ ሰው መስኮቱ ጋ አልቆመም ነበር? ያንቺ ከላይ ሲወጣ የማን ከታች ቀረ? ሁለተኛው፣ ገንዘቡን ከመላክሽ በፊት ሌላ በር አንኳኩተሻል ወይስ የመጣልሽ የመጀመሪያው መፍትሔ ይኸው ነበር?

እዚህ ላይ ቅዱስ ጳውሎስን ላንሣልሽ። በቂሣርያ ታስሮ ሳለ ጉዳዩ በአገረ ገዢው በፊልክስ እጅ ነበር። ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ፊልክስ ፈራና «አሁንስ ሂድ፥ በተመቸኝም ጊዜ ልኬ አስጠራሃለሁ» አለው። ይህን መልስ ታውቂዋለሽ አይደል? ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 ነው። ቅዱስ ሉቃስ ምክንያቱን ሳይሸፍን ጻፈው፦ ፊልክስ ገንዘብ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ እያስመጣ ያነጋግረው ነበር። ጳውሎስ ለወገኖቹ ምጽዋት ይዞ እንደመጣ በዚያው ችሎት ተናግሯል። ፊልክስም ከዚህ ሰው ጀርባ ገንዘብ እንዳለ ሳይገባው አልቀረም። ምእመናንም ቢጠየቁ ያዋጡ ነበር። ጳውሎስ ግን አልሰጠም። ሁለት ዓመት ታሰረ።

ብዙ ሰባኪ ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሞ «ታገሡ» ይላል። እኔ አልስማማም። ጳውሎስ ታግሦ ብቻ አልተቀመጠም። ቀደም ሲል ሊገርፉት ሲያስሩት «የሮሜን ሰው ያለ ፍርድ ልትገርፉ ተፈቅዶላችኋልን?» ብሎ ሕግ ጠቅሷል። ፊልክስ ተነሥቶ ፊስጦስ ሲተካ ደግሞ «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ» አለ። ጉቦም አልከፈለም፣ መብቱንም አልተወም።

በእኛም አገር የሚንኳኳ በር አለ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. ነው። መጓተትና የአስተዳደር በደል ሲሆን የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። «ማን ይሰማኛል?» ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ ሁልጊዜ አይሰሙም። ግን ከዚያ በፊት እዚያው መስኮት ላይ የሚደረግ ነገር ነበር። ማመልከቻ በጽሑፍ አስገቢ። ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያዢ። «ጠፍቷል» ያለሽን ሰው ይህንኑ ጽፎ እንዲፈርምልሽ ጠይቂው። ፋይል ጠፋ ብሎ ለመፈረም የሚደፍር ሠራተኛ ብዙ የለም፤ አንዳንዱ ወረቀት እስክሪብቶ ሲያይ ይገኛል።

አንድ ነገር ልብ በይ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውንም ይጠይቃል። ስለዚህ ልጠቁም ካልሽ መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ አማክሪ። የቴሌብሩንም መልእክት አታጥፊ።

ወደ ንስሐው ልመለስ። አዎ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። እንደ ነፍሰ ገዳይ ተሸማቀሽ አይሁን፤ ሳትደብቂ ግን የሆነውን ሁሉ ተናገሪ፤ ተገድጄ ነው ያልሽውንም፣ ቸኩዬ ነው ያልሽውንም። ቀኖና የሚሰጡሽም፣ ቁረቢ ወይም ቆዪ የሚሉሽም እርሳቸው ናቸው። በሩቅ ሆኜ በእርሳቸው ቦታ ልወስን አይገባኝም። በገዛ እጅሽ ግን ከሥጋ ወደሙ አትራቂ። ካርታውንም ልመልስ ብለሽ አትጨነቂ፤ ቤቱ ያንቺ ነው።

ይህን ስጽፍ የእኛ ቤት ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ቅዱስ ፓትርያርካችን አቡነ ማትያስ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላለው ሙስናና ብልሹ አሠራር ደጋግመው በአደባባይ ተናግረዋል። የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የመጣውን ሲሞንን ቅዱስ ጴጥሮስ «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» ብሎታል። በገንዘብ የተሾመውንም የሾመውንም የሐዋርያት ቀኖና ይሽራቸዋል። ለደብር ቅጥር ወይም ለዝውውር እጅ መንሻ የሚቀበል አገልጋይ ካለ፣ ለወንድምሽ የምለው ለእርሱም ነው።

ወንድምሽን በሰው ፊት አትናገሪው። ወንድምህን ብቻህን ሆነህ ውቀሰው ነው የተባልነው። የመንግሥት ደመወዝ ለቤት ኪራይ እንኳ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ እርሱም ይህን ያነሣብሻል። አትከራከሪው፣ እውነት ነው። መስኮቱ ጋ የቆመችው ሴትዮ ግን ደመወዝ የሚባል ነገር ጭራሽ ላይኖራት ይችላል።

አሥራቱን በተመለከተ ቁርጡን ንገሪው። አሥራት የሚወጣው ከወዝ ነው። የድሃውን ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው ልጅን በአባቱ ፊት እንደሚያርድ ነው ይላል መጽሐፈ ሲራክ። ከአሥሩ አንዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ ዘጠኙን የሚያጸዳ ስሌት የለም። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ካለሽ ዘኬዎስ አለለት። ዘኬዎስ ካለው እኩሌታውን ለድሆች ሰጠ፤ በሐሰት የከሰሰው ካለም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ወንድምሽ የሚያውቀው ባለጉዳይ ካለ ለእርሱ ይመልስ። ከማን እንደተቀበለ የማያስታውሰውን ለነዳያን ይስጥ፤ ስሙን ሳያስጠራ፣ በስለት ስም ጃንጥላም መጋረጃም ሳይገዛበት። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የባለጉዳይ እጅ ሲዘረጋለት «አያስፈልግም፣ ሥራዬ ነው» ይበል።

የንስሐ አባት ከሌለው፣ አንቺ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ።