«በሞቴ» አትበሉት

ሜሪላንድ ከገባሁ 23 ዓመት ሆነኝ። ጠጥቶ ሲነዳ ሰው ጎድቶ ታስሮ በፓሮል፣ በእኛ አባባል በአመክሮ፣ የወጣ ያገሬ ልጅ ጥቂት አላየሁም። ለእሱም፣ ቤቱ ለሚጠራውም ነው የምጽፈው።

1. ስትወጣ የተሰጠህን፣ «አልኮል አትጠጣ» የመሰለው ግዴታ የተጻፈበትን ወረቀት አንብብ። እንግሊዝኛው ካልገባህ ሳትፈርም አስተርጓሚ ጠይቅ። ቨርጂኒያ ያለህ ምናልባት ፕሮቤሽን፣ ማለትም ፍርድ ቤት ባዘዘው ክትትል፣ ላይ ነህ፤ እዚያ ከ1995 ወዲህ ለተፈጸመ ከባድ ወንጀል ፓሮል ቀርቷል። ጣጣው ግን ያው ነው። ፓሮልም ሆነ ፕሮቤሽን ላይ እያለህ ዜግነት አይጸድቅልህም።

2. የአልኮል ምርመራውን አትናቀው። «ማታ ጠጥቼ ጠዋት ውሃ ብጠጣበት ይጠፋል» የምትል አለህ። ከትንፋሽህ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ኢቲጂ የሚሉት የሽንት ምርመራ ግን የሚፈልገው ሰውነትህ ከአልኮሉ የሠራውን ነው፤ ብዙ ከጠጣህ ከ3 ቀን በኋላም ሊገኝብህ ይችላል። ውሃ ብትጋትበት «ሽንቱ ቀጥኗል» ተብሎ ሌላ ጥርጣሬ ታተርፋለህ። እግር ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ደግሞ በየ30 ደቂቃው ላብህን ይለካል። አፍ መጉመጥመጫ እንኳ አልኮል የሌለበትን ግዛ። ሳትጠጣ ከተገኘብህ በላቦራቶሪ እንዲጣራ ጠይቅ። ወደ እስር ከመመለስህ በፊት የመሰማት መብት አለህ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ወስኖታል።

3. ጋባዦች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የምርመራውን ነገር እሱ ያውቀዋል። የማታውቁት እናንተ ናችሁ።

የልጄ ክርስትና ዕለት ነው፣ እሁድ። ከእንግዶቹ አንዱ በአመክሮ ከወጣ 5 ወሩ ነው። ከእስር ቤት በር በመኪናዬ ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ምንም አልተደበቀኝም። ጥግ ላይ ውሃውን ይዞ ተቀምጧል። ጠላ ቀድቼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ» አለኝ።

ሰው ፊት እንቢ መባሉ ከበደኝ። «በሞቴ! ጠላ እኮ ነው፣ እናቴ ለሕፃን ትሰጥ ነበር» አልኩት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ብርጭቆውን ሁለት እጁ ላይ ይዞ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጨለጠው። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ቀዳለት። ከዚያ ጠጁ መጣ።

ማክሰኞ ለምርመራ ተጠራ። 7 ወር ተመልሶ ገባ። ሚስቱ ኪራይ አቅቷት ሁለት ልጆች ይዛ እህቷ ሳሎን ተኛች።

ጠላ አልኮል አለው። ጠጅማ ከቢራም ይብሳል። ቤት ስለተጠመቀ፣ የእማማ እጅ ስላለበት፣ ምርመራው አይምረውም። እንቢታን እንደ ንቀት የምንቆጥርበት ልማዳችን ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ቆም ብለን አናስብም! እንግዳችሁ «በመድኃኒት ነኝ» ካላችሁ እሺ በሉት። ምንም ካላላችሁም እሺ በሉት። አምቦ ውሃ ቅዱለትና ወሬያችሁን ቀጥሉ። ሰው ፊት ለምን አትጠጣም ብላችሁ አታስጨንቁት።

ሲወጣ ልቀበለው ሄድኩ። መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ የጠጣሁት እኮ እኔ ነኝ፣ አንተ ምን አደረግህ?» አለኝ። ቤቱ እስክንደርስ አንድ ቃል ማውጣት አቃተኝ።