ኮሚት ተደርጎ የጠፋው ጉዞ

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደብረ ማርያም የሚመላለሱ ጀልባዎችን ጉዞ ይመዘግባል። የምሠራው በፓይተን፣ ዳታቤዙም ዜድኦዲቢ (መረጃን በሰንጠረዥ ሳይሆን እንደ ፓይተን ኦብጀክት የሚያስቀምጥ) ነው። የጀልባውን ስም ስቀይር ይቀመጣል። በጉዞዎቹ ሊስት ላይ አዲስ ጉዞ ጨምሬ ኮሚት ሳደርግ (ለውጡን እንዲያጸና ሳዝዘው) ግን ስህተት ሳያሳየኝ፣ ዘግቼ ስከፍተው ጉዞው የለም።

መልስ፦ ዜድኦዲቢ የጀልባው ኦብጀክት (በፕሮግራሙ ውስጥ ጀልባውን የሚወክለው) መለወጡን የሚያውቀው እንደ ስም ካሉት መስኮቹ በአንዱ ላይ አዲስ ዋጋ ሲቀመጥ ነው። ጉዞ ሲጨምሩ የተነካው በውስጡ ያለው ተራ የፓይተን ሊስት ነው፤ ጀልባው የያዘው ያንኑ ሊስት ስለሆነ አልሰማም፤ ኮሚቱም የሚጽፈው አላገኘም። እስኪዘጉት ድረስ የሚታይዎት ከሜሞሪ ስለሚነበብ ነው። ስለዚህ ሙከራዎን ሁልጊዜ ፕሮግራሙን ዘግተው፣ ዳግም ከፍተው ያድርጉ።

ፈጣኑ መፍትሔ ጉዞውን ከጨመሩ በኋላ ሊስቱን መልሶ በመስኩ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ግን አንድ ቦታ መርሳትዎ አይቀርም። ከዜድኦዲቢ ጋር የሚመጣው ፐርሲስተንት ሊስት ለውጡን ራሱ ያሳውቃል፤ ጉድለቱ አንድ ጉዞ በተጨመረ ቁጥር ሊስቱ በሙሉ እንደ አዲስ መጻፉ ነው። የጀልባ ጉዞ በየቀኑ የሚጨምር ነገር ስለሆነ እኛ የምንመርጥልዎ ቢትሪ (እያንዳንዱን መረጃ በቁልፍ ለይቶ በቅደም ተከተል የሚይዝ መዋቅር) ነው፦ መረጃውን ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ የሚጻፈው የተነካው ክፍል ብቻ ነው። ቁልፎቹን ግን አንድ ዓይነት ያድርጓቸው፤ ቁጥርና ጽሑፍ ከተቀላቀሉ ቅደም ተከተል ማውጣት አይችልም።

ጥያቄ፦ ሁለት ታንኳዎች በስምም በባለቤትም አንድ ቢሆኑ ዳታቤዙ በምን ይለያቸዋል? ዋና ቁልፍ አልሰጠሁም።

መልስ፦ በሰንጠረዥ ዳታቤዝ ማንነት የሚታወቀው በቁልፉ ዋጋ ነው። በኦብጀክት ዳታቤዝ ግን ዳታቤዙ ራሱ ለእያንዳንዱ ኦብጀክት መለያ ይሰጠዋል፤ በዜድኦዲቢ 8 ባይት ነው። ስሙም ባለቤቱም ቢቀየር መለያው አይለወጥም። ቲኬት ላይ ግን አያትሙት፤ መረጃው ወደ ሌላ ዳታቤዝ ሲገባ አዲስ መለያ ይሰጠዋል። ለሰው የጎን ቁጥር ያስፈልጋል።

የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥቶ በሌላ ሲተካ አዲሱን እንደ አዲስ ኦብጀክት ይመዝግቡት። የአሮጌውን መዝገብ አርመው ከተጠቀሙበት የድሮዎቹ ጉዞዎች በሙሉ በአዲሱ ስም ይቆጠራሉ።

አንድ ተራ ሊስት ለሁለት ታንኳ አያጋሩ። መለያ የሚሰጠው ፐርሲስተንት ለሆነ (ዳታቤዙ ለብቻው መዝግቦ ለሚይዘው) ኦብጀክት ብቻ ነው፤ ተራው ሊስት በየታንኳው መዝገብ ውስጥ ተገልብጦ ይጻፋል። ሲከፍቱት ሁለት የተለያዩ ሊስቶች ያገኛሉ፤ አንዱን ሲያርሙ ሌላው እንደነበረ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ቲኬት ቆራጩ በሌላ ፕሮግራም ያንኑ ፋይል ሲከፍት ተቆልፏል ይለዋል።

መልስ፦ ፋይሉን በአንድ ጊዜ ለመጻፍ የሚከፍተው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ዜኦ የሚባለውን ሰርቨር አስነስተው ሁለቱንም በእሱ በኩል ያገናኙ። ሁለቱ አንድ ኦብጀክት እኩል ከነኩ ከኋላ የመጣው የግጭት ስህተት ሊያገኝ ይችላል፤ ሥራውን ሰርዞ ከመጀመሪያው ይድገመው። የቲኬት ተራ ቁጥሩን በአንድ የጋራ ኦብጀክት ካስቀመጡ ይህ ግጭት ይበዛብዎታል፤ ለእያንዳንዱ የቲኬት መሸጫ መስኮት የራሱን ተራ ቁጥር ይስጡት።