ለሚያድግ ሕፃን የታተመ የመተንፈሻ ቧንቧ ድጋፍ

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በሕሙማን ሰውነት ውስጥ የሚተከሉ ነገሮች በስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ቁስን በንብርብር እየደራረበ ጠጣር ነገር በሚሠራ ማሽን፣ መታተም እንደ ጀመሩ እሰማለሁ። ማሽኑ ከተገኘ ሐኪሙ ራሱ የሚያሻውን አትሞ ሊጠቀም ይችላል ወይስ ለመሐንዲስ የሚቀር ሥራ አለ? የሚተከልለት ሕፃን ከሆነስ ልጁ ሲያድግ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ሁለቱንም ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚመልስ ሥራ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ የወራት ዕድሜ የነበረው አንድ ሕፃን፣ ወደ ግራ ሳንባው አየር የሚያስገባው ቧንቧ ግድግዳ እጅግ ልፍስፍስ ስለነበር ቧንቧው እየተደፈነ ትንፋሹ ይቋረጥ ነበር፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ተገጥሞለትም አደጋው አልተወገደም። ከአንገት በላይ ሐኪሙ ግሌን ግሪንና የባዮሜዲካል መሐንዲሱ ስኮት ሆሊስተር ከአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ አግኝተው፣ ለዚያ ሕፃን ብቻ የተነደፈ ድጋፍ ተተከለለት። የታተመው ሕይወት ያለው የአካል ክፍል ሳይሆን ድጋፍ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ በወሬ ብዙ ጊዜ የሚደበላለቀው ይህ ነውና።

ሥራው የተጀመረው ከፕሪንተሩ ሳይሆን የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ ከሚያሳየው ከሲቲ ስካን ነው። ከምስሎቹ ላይ የቧንቧው ቅርጽ ተለይቶ ወጣ፤ በዚያም ልክ የድጋፉ ርዝመት፣ የውስጥ ስፋት፣ የግድግዳ ውፍረትና የስፌት ቀዳዳዎቹ ቦታ በኮምፒውተር ተነደፈ። ድጋፉ እንደ አምባር በአንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ቧንቧውን ከውጭ ያቅፈዋል፤ ቀዶ ሐኪሙም የቧንቧውን ግድግዳ በቀዳዳዎቹ በኩል በክር ስቦ ስለሚያስረው ወደ ውስጥ መውደቁ ይቀራል። ክፍቱ ጎን ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ቧንቧው በዕድገት ሲሰፋ ድጋፉም ይከፈትለታል። በእኔ አመለካከት የምህንድስናው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ድጋፉ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ዕድገትን ያንቃል፣ ከሳሳ ደግሞ በደረት ውስጥ ባለው ግፊት ይጨፈለቃል፣ አንገትና ደረት ሲንቀሳቀሱም አብሮ መተጣጠፍ አለበት። ይህን ሚዛን ማሽኑ አያውቀውም፤ የታዘዘውን ብቻ ያትማል።

የተሠራበት ፖሊካፕሮላክቶን የተባለ ቁስ ዱቄቱ በሌዘር ሙቀት ንብርብር በንብርብር እየተጣበቀ ቅርጽ ይይዛል፤ በሰውነት ውስጥ ደግሞ በሦስት ዓመት ገደማ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። እስከዚያ ድረስ የልጁ ቧንቧ በራሱ ይጠነክራል ተብሎ ስለሚጠበቅ ድጋፉን ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም። ሕፃኑን ከመተንፈሻ መሣሪያው ማላቀቅ የተጀመረው ከተከላው 7 ቀን በኋላ ነበር፤ በ21ኛውም ቀን ወደ ቤቱ ሄደ። ውጤቱ በ2013 ለሕክምናው ዓለም ይፋ ሆነ፣ በ2015 ደግሞ ሦስት ሕፃናትን ያካተተ ዘገባ ተከተለ።

ስለዚህ ሐኪሙ ብቻውን አይበቃም፤ የጠጣር አካላት መካኒክስና የቁሳቁስ ሳይንስ ትምህርትዎ በቀጥታ እዚህ ይገባሉ። ፕሪንተር ባያገኙም ስሪዲ ስላይሰር የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በኮምፒውተርዎ ጭነው፣ ለመማሪያ ከተዘጋጁ የሲቲ ስካን ምስሎች የመተንፈሻ ቧንቧን ለይቶ በማውጣት መለማመድ ይችላሉ፤ ከዚያም በቅርጹ ላይ የራስዎን ድጋፍ ነድፈው ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ያስሉ።