ጥላ የሌለው ፊት ከችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም

ወዳጄ፣ «በ1830ዎቹ የአሜሪካ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ላይ የሰዎቹ ፊት ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? ሠዓሊዎቹ ጥላ መሥራት አይችሉም ነበር?» ብለሃል። የማይችሉም ነበሩ። ግን የዋጋ ነገርም አለበት።

አሜሪካዊውን ሠዓሊ ዊልያም ማቲው ፕራየርን እይ። በ1831 በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ውስጥ በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ፣ ጠፍጣፋ ሥዕል የፈለገ ሰው ያለ ጥላ በሩብ ዋጋ ማሠራት እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ኋላም አንድ ሰዓት ገደማ አስቀምጦህ፣ ፍሬምና መስታወቱን ጨምሮ በ2 ዶላር ከ92 ሳንቲም የምትወስደው ሥዕል ይሠራ ነበር። ጥላ ጊዜ ይበላል። የጉንጭን ቀለም ከብርሃኑ ወደ ጨለማው ቀስ እያሉ ማዋሃድ፣ ከአፍንጫ ሥር ማጥቆር፣ አገጩን ከአንገቱ መለየት፣ ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። ደህና አድርጎ ለሚከፍል ደንበኛ ግን ራሱ ፕራየር ጥላውን አሳምሮ ይሠራ ነበር።

ፎቶግራፍ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን፣ ብዙ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብም የልጁን መልክ ማስቀረት የቻለው እንዲህ ባለ ርካሽ ሥዕል ነው። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቦስተን ከሄድክ በፋይን አርትስ ሙዚየም ያለውን የሦስቱን የኮፕላንድ እህትማማቾች ሥዕል ፈልግ። ፕራየር በ1854 የሣላቸው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቀረብ ብለህ ፊታቸውን እይ።